ዳቦ ግዛ ብዬ የላክሁት ልጅ ጌም ቤት ተገኘ፤ ደብተሩን ካየሁ በኋላ ግን ቁጣዬ ተምታታብኝ

የሐይቅ ዳር እናት
(ሰኞ ማታ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም፤ ዛሬ ግን የሚያማክረኝ ሰው ፈለግሁ። ባለቤቴ ሾፌር ነው፤ ሳምንቱን መንገድ ላይ ስለሚያሳልፍ የልጅ ነገር በእኔ ላይ ነው የሚወድቀው።

ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የ11 ዓመት ልጄን 100 ብር ሰጥቼ ዳቦ ላክሁት። ዳቦ ቤቱ ከቤታችን የአምስት ደቂቃ መንገድ አይሆንም። 11 ሰዓት ሆነ፤ የለም። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። የሰፈሩን ልጆች ስጠይቃቸው ሁሉም "አላየነውም" አሉ፤ ዓይናቸው ግን ወደ አንድ ጸጉር አስተካካይ ቤት እየሄደ ይመለሳል። ከጸጉር ቤቱ ጀርባ በብርድ ልብስ የተጋረደ በር አለ። ስገልጠው የላብና የለውዝ ሽታ ተቀበለኝ። ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አሥራ አምስት የሚሆኑ ልጆች፤ ግማሾቹ ቆመዋል። ልጄ ግን እየተጫወተ አልነበረም። ጥግ ላይ ተቀምጦ ጭኑ ላይ ደብተር ዘርግቶ ይጽፋል፤ በዕድሜ የሚበልጡት ሁለት ልጆች ከራሱ በላይ ይጨቃጨቃሉ፤ እርሱ "ቆይ፣ ቆይ፣ ልደምረው" ይላቸዋል።

አልዋሽም፣ በጆሮው ይዤ ነው ያወጣሁት። ዳቦ አልተገዛም። ከመቶው ብር 60 ብር ቀርቷል።

ማታ ከተኛ በኋላ ደብተሩን ገለጥሁት። የሒሳብ ደብተሩ ነው፣ በጀርባው በኩል። የስድስት ልጆች ስም ተጽፏል፤ ከጎኑ የተጫወተው፣ ያሸነፈው፣ አቻ የወጣው፣ የተሸነፈው፣ ያገባው፣ የገባበት፣ የጎል ልዩነት፣ ነጥብ። ስድስቱ እርስ በርስ አንድ አንድ ጊዜ ሲገናኙ 15 ጨዋታ እንደሚሆን አስልቷል። ለአንድ ጨዋታ 10 ብር፣ በድምሩ 150 ብር። "በአንድ ላይ ስለከፈልን" ብለው ባለቤቱን ተከራክረው ወደ 120 አውርደውታል፤ ለእያንዳንዱ ሃያ ሃያ ብር። አንደኛው ልጅ ስላልነበረው የእርሱንም 20 ብር የእኔ ልጅ ከዳቦው ገንዘብ ከፍሎለታል። ስሙ ፊት ለፊት "ብድር" ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

እኔ ባንክ ነው የምሠራው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አመሳከርሁት፤ አንድ ቁጥር አልተዛባም። ይህ ልጅ ባለፈው ፈተና በሒሳብ ከ100 48 ያመጣ ልጅ ነው።

ልከልክለው? በሰዓት ልወስንለት? እኔ ጌም የሚባለውን ነገር አላውቀውም፤ በእኛ ጊዜ ሰኞ ማክሰኞና ሱዚ ነበር።


ታቦር ሥር

እህቴ፣ አትታለዪ። ሰው ሒሳቡን አሳምሮ ስለጻፈ የወሰደው ገንዘብ አይመለስም። የመሥሪያ ቤት ገንዘብ የሚበሉትም ደብተራቸው ንጹሕ ነው፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። የሰው ገንዘብ ማበደር በ11 ዓመቱ ከጀመረ በ20 ዓመቱ ምን ሊያደርግ ነው?

የምናገረው በጥላቻ አይደለም። ሦስት ወንዶች አሉኝ። ትልቁ የጀመረው እንደዚሁ በእግር ኳስ ጌም ነበር። መጀመሪያ "ተሸናፊ ይከፍላል" ተባለ። ቀጥሎ በሃያ ብር መወራረድ መጣ። 18 ዓመት ሳይሞላው የስፖርት ውርርድ ቤት ደጃፍ ላይ ትኬት ይዞ ቆሞ ያገኘው የገዛ አጎቱ ነው። እዚያ ውስጥ ስለ ቡድንና ስለ ጎል ልዩነት ያለው እውቀት እኮ አንደኛ ነው! ምን ሆነለት?

ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣችውን ደንብ አንብቢው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ በኢንተርኔት የሚጫወተው ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን ብቻ ነው፤ ያውም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ብቻ። ጨዋታውን ሠርቶ የሚሸጥ አገር ለልጆቹ እንዲህ ከቆነጠረ እኛ ምን ነክቶን ነው በብርድ ልብስ ጋርደን የምንተዋቸው?


አባ ኮዳ

ዳቦውስ በመጨረሻ ተገዛ?


የሐይቅ ዳር እናት

እንጀራ በልተን አደርን።


ጠመኔ ያልለቀቀው

የሒሳብ መምህር ነኝ፤ እዚሁ ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር ነው የምኖረው። የወ/ሮን ጽሑፍ ሳነብ ተነሥቼ ቆምሁ ብል ማጋነን አይደለም።

በክፍል ውስጥ "ስድስት ሰዎች እርስ በርስ ቢጨባበጡ ስንት ጊዜ ይጨባበጣሉ?" ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛው 36 ይለኛል፤ ጥቂቱ 30 ይላል። እያንዳንዱ ከአምስቱ ጋር ይገናኛል፣ ስድስት ጊዜ አምስት 30 ነው፣ አንዱን ጨዋታ ግን ሁለት ጊዜ ስለቆጠርነው ለሁለት ይካፈላል የሚለው ላይ ለመድረስ አንድ ክፍለ ጊዜ ያልቅብኛል። ልጅዎ ጋ ደግሞ ገንዘብ ስለተከፈለበት አንድ ጨዋታ በስሕተት ቢደገም የሚጮህ አለ። የጎል ልዩነቱም እንዲሁ ነው። ሦስት አግብቶ ሰባት የገባበት ልጅ ከዜሮ በታች አራት ነው። ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን ለማስረዳት ስንት ዓመት የሙቀት መለኪያ ስሥል እንደኖርሁ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሐዋሳ ውስጥ ደግሞ ከዜሮ በታች የሚወርድ ሙቀት ያየ ልጅ የለም።

ነገር ግን 48ቱንም አንርሳው። ደብተሩ ከፊቱና ከጀርባው ሁለት ዓለም ሆኗል፤ አንዱ ለሌላው አያበድርም። ገበጣ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች ጠጠሩ የት እንደሚያልቅ አምስት እርምጃ ቀድመው እያዩ፣ በወረቀት ላይ ሲሰጣቸው "እኔ አልተማርሁም" እንደሚሉት ነው። ጀርባውን ወደ ፊት የሚያዞርለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ይህ ደግሞ በጆሮ አይሆንም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አቶ ታቦር ሥር ስለ ውርርዱ ያሉት እውነት ነው። እኔም ከተማሪዎቼ አጥቼበታለሁ።


ባለ ሦስት ቴሌቪዥን

እኔ ጌም ቤት አለኝ፤ የምትሰድቡኝ ከሆነ አሁኑኑ ጀምሩ።

እትዬ፣ ልጅዎ የተገኘው እኔ ቤት አይመስለኝም፤ የእኔ በር መጋረጃ የለውም። ግን ስለ ደብተሩ አንድ ነገር ልንገርዎት። ውድድሩን ማሽኑ ራሱ ይመዘግበዋል። የልጆቹን ስም አስገብተው ቢጀምሩ ነጥቡንም የጎል ልዩነቱንም ደምሮ ያስቀምጣል፣ ማንም እስክሪብቶ አያነሣም። ታዲያ ልጆቹ ለምን ይጽፋሉ? መብራት ስለሚጠፋ! ጨዋታው ሳይቀመጥ መብራት ከሄደ ያ ሁሉ ውጤት አብሮ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ዘጠነኛው ጨዋታ ላይ ጠፍቶ ልጆች ሊደባደቡ ሲሉ ነው ደብተር የተጀመረው፤ አሁን በሰፈሩ ሁሉ ልማድ ሆኗል። ደብተር ያዡም ዝም ብሎ አይመረጥም። ሁለቱም ወገን የሚያምነው ልጅ መሆን አለበት፤ ጨዋታ የሚችለው ልጅ አይደለም የሚሰጠው። ስለዚህ እትዬ፣ የዳቦው ነገር እንዳለ ሆኖ፣ ልጅዎን ጓደኞቹ ያምኑታል።

ሕግም አለ። መብራት ከእረፍት በፊት ከጠፋ ገንዘብ ይመለሳል ወይም እንደገና ይጀመራል። ከእረፍት በኋላ ከጠፋ የመራው ያሸንፋል። እኩል ከሆኑ ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት ይለመናል። ይህን ሕግ እኔ አላወጣሁትም፤ ራሳቸው ተሟግተው ነው ያወጡት፣ እኔ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁት።

የዩኒፎርም ልጅ አላስገባም። "ተሸናፊ ይከፍላል" እኔ ቤት ክልክል ነው፤ ሁለቱም እኩል ይከፍላሉ። መኪና እየሰረቁ ሰው የሚገድሉበትን ጂቲኤን ከሁለት ዓመት በፊት አጥፍቼዋለሁ፤ አውሮፓ ውስጥ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብሎ የሚሸጠውን እኛ ለስምንት ዓመት ልጅ ስንከፍት ነበር። ገቢዬ ቀነሰ፤ ይህንንም አልደብቅም። ልጅ በቆየ ቁጥር ነው የማገኘው። ከዚህ በላይ ጻድቅ ነኝ ብል አትመኑኝ።


በድንጋይ ላይ ድንጋይ

ፕሮግራም መጻፍ ነው ሥራዬ፣ ወደዚህ ሙያ ያመጣኝም ጌም ነው፤ ስለዚህ ዳኛ መሆን አልችልም።

ጥናት ለምትፈልጉ፦ እ.ኤ.አ. በ2003 "ኔቸር" በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ግሪንና ባቬሊየር የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ሥራ ፈጣን ጨዋታ የሚጫወቱ ወጣቶች በዓይናቸው ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ በመከታተል ከማይጫወቱት በልጠው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በ33 የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ላይ በተደረገ ጥናት በሳምንት ከሦስት ሰዓት በላይ ጌም ይጫወቱ የነበሩት ትንንሽ ቀዳዳ ከፍቶ በካሜራ በሚሠራው የቀዶ ሕክምና ልምምድ 37 በመቶ ያነሰ ስሕተት ሠርተዋል፤ 27 በመቶም ፈጥነዋል።

ለታቦር ሥር አንድ ነገር ልቀበል። ውስጡ ምን እንዳለ ሳይታወቅ በገንዘብ የሚከፈተውን የጨዋታ ሳጥን ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 ከቁማር ቆጥራ ከልክላዋለች። በስልክ ላይ የሚወርዱት ነጻ ጨዋታዎች ብዙዎቹ ከዚህ ነው የሚበሉት። ጌም ቤቱ ቢያንስ ሒሳቡን በደብተር ያሳያል።


አባ ኮዳ

ቀልዴን ትቼ ልናገር። የመጀመሪያው ጥናት የተደረገው በዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ባሉ ወጣቶች ላይ ነው፤ ሁለተኛው በሐኪሞች ላይ፤ ያውም 33 ብቻ። ሐኪሞቹ ጌም ስለተጫወቱ ይሁን ወይስ እጃቸው ቀድሞውኑ ቀልጣፋ ስለነበረ ጌም የወደዱት፣ ያ ጥናት አይለየውም። የ11 ዓመት ልጅ ዳቦ ሳይገዛ መቅረቱን በቀዶ ሕክምና ማስተባበል አይቻልም።

እኔ ጌም አልቃወምም። የሚያናድደኝ ጨዋታን ሁሉ "ይጠቅማል" ብለን ካላስመሰከርን ለልጅ የማንፈቅድለት መሆኑ ነው። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ አጥማጆቹ የጣሉትን አንጀት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሲሻሙ ቁጭ ብሎ የሚያይ ልጅ ምን ተማረ ብለን እንጠይቃለን? ይስቃል፣ ይበቃዋል። የጆተኒ ጠረጴዛ ዙሪያ ያደግነው እኛስ ምን የምስክር ወረቀት አገኘን?


ዝምተኛዋ ነርስ

በአጭሩ። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው 11ኛ እትም ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ከጥር 2022 ጀምሮ ነው። የሚታየው ሦስት ነገር ነው፤ ልጁ መቼ እንደሚጀምርና እንደሚያቆም ራሱን መግዛት ካቃተው፣ ጌም ከሌላው ፍላጎቱና ከዕለት ኑሮው ሁሉ ከቀደመ፣ ጉዳት እያየም ከቀጠለ። ይህም እንደ ወትሮው 12 ወር ያህል የቆየ ሲሆን ነው። አንድ ቅዳሜ በሽታ አይደለም።

ወደ እኛ ጋ የሚመጡት ጌም ቤት የተገኙት አይደሉም። ብርድ ልብስ ተከናንበው በእናታቸው ስልክ ሌሊቱን ሙሉ ሲተኩሱ የሚያድሩት ናቸው፤ ክፍል ውስጥ የሚተኙት፣ ሲጠሩ የሚያለቅሱት። ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ እናትም አታውቅም። እህቴ፣ ልጅሽን የምጠይቅልሽ ስንት ሰዓት እንደተጫወተ ሳይሆን ስንት ሰዓት እንደተኛ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ታናሽ ካለው ግን እርሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለሁለት ዓመት ልጅ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ስክሪን አይመከርም፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል።


የመድረኩ አስተናባሪ

ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ለመሸጥ እዚህ ክር ላይ ስልክ ቁጥር የለጠፉትን ሁለት አባላት ጽሑፍ አንሥቻለሁ። የሽያጭ ክፍል አለ።


የሁለት ሴቶች እናት

እስካሁን "ወንድ ልጅ፣ ወንድ ልጅ" ስትሉ ነው የማነበው። የእኔ ልጅ 12 ዓመቷ ነው፤ ብርድ ልብስ በተጋረደበት ቤት ልትገባ አትችልም፤ እኔም አልልካትም። ታዲያ እነዚያ አሥራ አምስት ወንዶች እየተሟገቱ ሕግ ሲያወጡ የእኔ ልጅ የት ሆና ትሟገት?

ማይንክራፍት የሚባለውን አጎቷ ጭኖላት በላፕቶፕ ትጫወታለች። ሁሉ ነገር አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ ኩብ ነው የሚሠራው፤ ክብ የሚባል ነገር የለም። እርሷ ደግሞ የአያቷን ቤት፣ ያንን የሲዳማ የቀርከሃ ቤት ልትሠራ ተነሣች። ጨዋታው ውስጥ ቀርከሃ አለ፤ ችግሩ ክቡ ሆነ። በካሬ ወረቀት ላይ ስትሥል፣ ስትሰርዝ፣ ስትቆጥር ሦስት ቀን ፈጀች። በመጨረሻ ከሩቅ ሲያዩት ክብ የሚመስል፣ ሲቀርቡት ደረጃ ደረጃ የሆነ ቤት ቆመ።

እናቴ ከገጠር መጥታ ስለነበር አሳየቻት። አሮጊቷ መነጽሯን አድርጋ ዞር ዞር አለችና "ከብቶቹ የት ያድራሉ?" አለች። ልጄ አላሰበችውም፤ ከብት ከሰው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ሲያድር አይታ አታውቅም። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እናቴ በጣቷ ስክሪኑን እየነካች "እዚህ ጋ ግርዶሽ፣ በዚህ ከብት፣ እዚህ እሳት" ትላለች፤ ልጄ ትከምራለች። እናቴ ሌላ ጊዜ ሁለት ቀን አድራ "ዶሮዬን ማን ያይልኛል" ብላ የምትሄድ ሴት ናት፤ በዚያ ሳምንት አምስት ቀን ቆየች።


በድንጋይ ላይ ድንጋይ

አጎትየው እኔ ነኝ፤ እህቴ ስሜን ሳትጠራ አሞገሰችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ስክራች የሚባለውን፣ ልጆች ራሳቸው ጨዋታ የሚሠሩበትን ፕሮግራም በሁለት አሮጌ ላፕቶፕ ለሰባት ልጆች እያሳየሁ ነው። በነጻ የሚገኝ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። አራቱ ሴቶች ናቸው። የመጀመሪያው ሥራቸው አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳ ከዓሣ አጥማጅ ጀልባ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ የሚሰርቅበት ጨዋታ ነው። (አባ ኮዳ ወንድሜ፣ አልተማከርንህም።) አንድ ሰዓት ሙሉ የተከራከሩት ስለ ወፏ ፍጥነት ነው፤ በጣም ከፈጠነች ዓሣ አጥማጁ ሁልጊዜ ይሸነፋል፣ ካዘገመች ጨዋታው ይሰለቻል። አዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ አድርገው የሠሩትን "ኩኩሉ" ሳሳያቸው "ይህንንማ እኛም እንችላለን" አሉ። ገና አይችሉም። ግን ማለታቸውን ወደድሁት።


ታቦር ሥር

የዚህችን ልጅ ነገር አልቃወምም፤ አያቷ አጠገቧ ተቀምጣለች። እኔ የተናገርሁት ማንም አጠገቡ ስለሌለው ልጅ ነው። የእኔ ልጅ ጌም ቤት በሄደባቸው ዓመታት እኔ አንድም ቀን ያንን ብርድ ልብስ ገልጬ አላየሁም። ይህን ስጽፍ ደስ አይለኝም።


የሐይቅ ዳር እናት
(እሑድ ማታ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም።

በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። ጌም ስለተጫወተ ሳይሆን ሳይጠይቅ ስለወሰደ እንደተቆጣሁ ነገርሁት። 40ውን ብር ይመልሳል፤ በሳምንት አሥር አሥር ብር ከኪሱ ይቆረጣል። በደብተሩ ላይ በራሱ እጅ ጻፈው። ያበደረው ልጅ ሐሙስ ዕለት 15 ብር ይዞ ቤታችን ድረስ መጣ። ልጄ 20ውን ሰርዞ "ቀሪ 5" ብሎ ጻፈ፤ ሁለቱም ፈረሙ። ሻይ አፍልቼ ሰጠኋቸው፤ ሌላ ምን ላድርግ።

ከዚያ ትናንት አብሬው ሄድሁ። ባለ ሦስት ቴሌቪዥን፣ መጋረጃ የሌለው ያንተ ቤት ብዙም አይርቅም፤ ከባጃጅ ስወርድ ግድግዳው ላይ የለጠፍኸውን የመብራት ሕግ አይቼ ነው የለየሁት። ልጆቹ እኔን ሲያዩ ጸጥ አሉ፤ እንደ ቀበሌ ተቆጣጣሪ ነው የቆጠሩኝ። ልጄ ጆይስቲኩን እጄ ላይ አስቀምጦ የትኛው ለማቀበል፣ የትኛው ለመምታት እንደሆነ አሳየኝ። ትዕግሥቱ ገረመኝ፤ እኔ ሒሳብ ሳስጠናው እንደዚያ አልታገሥም። 9 ለ 0 ተሸነፍሁ፤ አንዱን ጎል በራሴ ላይ ነው ያገባሁት። ልጆቹ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ "እትዬ" እያሉ ምክር ይሰጡኝ ጀመር።

የሚቀጥለው ውድድር ላይ ሰባተኛ ተጫዋች ሆኜ ተመዝግቤያለሁ።


ጠመኔ ያልለቀቀው

ሰባት ሲሆኑ ስንት ጨዋታ እንደሚሆን ልጁን ይጠይቁት። እርስዎ አይንገሩት።


የሐይቅ ዳር እናት

ጠየቅሁት መምህር። ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ቀና ሳይል "21" አለኝ። "አንቺ ግን ስድስቱንም ስለምትሸነፊ፣ የአንቺን ሳንጫወት ብንጽፈው 60 ብር ይተርፋል" አለኝ።